ማርሊን የቀባችው ኮርኒስ

ዜኖቪያ ቦድናሩክን ዩክሬናውያን በሰፈሩባት በትንሿ ቬግሬቪል ከተማ ውስጥ በሙሉ ስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም ዜንያ ነው የሚላት። ሥራዋ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አንሶላ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ታጥፋለች። ልጆቿ አድገው ካልጋሪ ገብተዋል። ባሏ ኦሬስት ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ካሜራ የያዘችው በኦሬስት ምክንያት ነው። ኦሬስት በሕይወት እያለ የሰው ሠርግ ይቀርጽ ነበር። ሙሽሮቹ ዳቦና ጨው ሲቀበሉ፣ ሰዉ በአዳራሹ ክብ ሠርቶ ሲጨፍር፣ አንዱ ጎረምሳ መሀል ገብቶ ቁጢጥ ብሎ እግሩን ሲወረውር፣ ሁሉንም ይቀርጻል። አንድ ቀን ወገቡን አመመውና "ዜንያ፣ ዛሬ አንቺ ያዢልኝ" አላት። ያዘችለት። ከዚያ ወዲያ አልመለሰችለትም። እሱም "ሚስቴ ሳልሞት ወረሰችኝ" እያለ በየሠርጉ ያስቅ ነበር።

እውነትም ሲሞት ካሜራው እሷ ጋ ቀረ። ሠርግ መቅረጽ ግን ልቧ እንቢ አላት። ለቤተ ክርስቲያኑ ቀብር መቅረጽ ጀመረች፤ ዘመድ በየአገሩ ስለተበተነ፣ መምጣት ያልቻለው በስልኩ እንዲያለቅስ። ቄሱ "ዜንያ ካልመጣች ሰው አይቀበርም" ይላሉ። እሷ ይህን ስትሰማ ታፍራለች፤ ደስም ይላታል።

አንድ ክረምት ኤድመንተን ሄዳ በየቅዳሜው የፊልም ትምህርት ተማረች። በዕድሜ ከሁሉም ትበልጥ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የምትቀመጠው። የመጨረሻው ቀን አስተማሪዋ የቀረጸችውን አየና "ጥሩ ነው፤ ግን የሁሉም ሰው ሠርግ አንድ ነው፣ የሁሉም ሰው ቀብር አንድ ነው። አንቺ ብቻ ያየሽው ምንድን ነው?" አላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ መኪናዋን እየነዳች፣ በረዶው በመንገዱ ላይ እየተንሸራተተ፣ ስታስበው ስታስበው የእናቷ ቤት ኮርኒስ ትዝ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገና ዋዜማ፣ በአሮጌው አቆጣጠር ጃንዋሪ ስድስት ማታ፣ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ ቤተሰቡ ማዕድ ይቀርባል። ከሁሉ በፊት የሚበላው ኩትያ ነው፤ የስንዴ ንፍሮ በማርና በፖፒ ፍሬ የተለወሰ። አባወራው አንድ ማንኪያ ሙሉ ይዝቅና ወደ ኮርኒሱ ይወረውራል። ስንዴው ከተጣበቀ ዓመቱ ጥሩ ነው፤ ንቦቹ አይሸሹም፣ ላሞቹ በደህና ይወልዳሉ። ከወደቀ ሁሉም ዝም ይላል፣ እናት "ብሉ፣ ብሉ" ትላለች።

በዜንያ ቤት የተጣበቀውን ማንም አይጠርገውም ነበር። ከአያቷ ጊዜ ጀምሮ ያለው ሁሉ እዚያው ሳንቃው ላይ ነው። ማሩ ከምድጃው ጭስ ጋር ጠቁሮ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ አንዳንዱ የሬንጅ ጠብታ መስሎ። ግድግዳው ስንት ጊዜ ተቀባ፣ ኮርኒሱን የነካው የለም። እናቷ ድንች እየላጡ በቢላዋ ጫፍ ወደ ላይ ይጠቁማሉ፤ "ያቺ በረዶ ሰብሉን የጨረሰ ዓመት ናት። ያቺ አንቺ የተወለድሽ ጊዜ። ያ ትልቁ ደግሞ ወንድምሽ ሜትሮ ትራክተሩን ገደል የከተተ ዓመት ነው፤ አባትሽ በንዴት ነው የወረወረው።" አባት ሲሞቱ እናት መወርወር ጀመሩ። በመጨረሻው ገናቸው ክንዳቸው አልነሳ አላቸውና ንፍሮው ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ተለጠፈ። ግን ተጣበቀ። በፀደይ ሞቱ።

ዜንያ ፊልም መሥራት የፈለገችው ስለዚህ ነበር። ኤድመንተን ውስጥ አንድ ፋውንዴሽን አለ፤ ከአገራቸው ወጥተው በሌላ አገር ስለኖሩ ዩክሬናውያን ኑሮ ፊልም ለሚሠሩ ሰዎች ድጋፍ ይሰጣል። አመለከተች። "አርቲስት" የሚለው ቃል ግን አሳፈራት፤ ስሟን ከጎኑ ስትጽፍ የሰው ልብስ የለበሰች መሰላት። ለቃለ መጠይቅ ጠሩዋት። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል።

"የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ማን ነው?" አላት አንደኛው።

"ኮርኒሱ ነው" አለች።

ሳቁ። ከዚያ ስለ እናቷ ክንድ ነገረቻቸው። ሳቁ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድጋፉ ተሰጥቶሻል ተባለች። በገና ዋዜማ ቤተሰቡን ከኮርኒሱ ሥር ቀርጻ፣ በፀደይ ጨርሳ ልታስረክብ ተስማማች። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ደስታና የሌላ ሰው ሐዘን ስትቀርጽ ኖራ፣ ይህ የመጀመሪያዋ የራሷ ነገር ነበር።

የእናቷ ቤት ውስጥ አሁን የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ሜትሮ ነው። የክርስትና ስሙ ድሚትሮ ነው፤ በዚያ አገር ድሚትሮ የተባለ ሁሉ ሜትሮ ነው የሚባለው። ሚስቱ ማርሊን ትባላለች። ዜንያ ዜናውን ልትነግራቸው ሄደች።

"ስለ ምንድን ነው ፊልሙ?" አለ ሜትሮ።

"ስለ ኮርኒሱ።"

"ስለ የትኛው ኮርኒስ?"

ዜንያ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ሜትሮ ቀና አለ። ዝቅ አለ። እንደገና ቀና አለ።

"ለዚህ ገንዘብ ሰጡሽ? እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ የእኔን የአሳማ በረት ብታሳዪያቸውማ ሀብታም ነን።"

"አትቀልድ ሜትሮ።"

"ቀልድ አይደለም። በረቱ የቆየ ነው፤ ታሪክ አለው። አሳማዎቹም ዩክሬናውያን ናቸው።"

ማርሊን አልሳቀችም። "ማን ነው የሚያየው?" አለች።

"ሰው ሁሉ። ኤድመንተን በትልቅ ስክሪን ይታያል። ቶሮንቶም ይሄዳል ብለውኛል።"

"ቶሮንቶም?"

"አዎ! ካሜራውን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ነው የማዞረው። መብራት አመጣለሁ። እያንዳንዷ ነጥብ ትታያለች።"

"እያንዳንዷ?"

"እያንዳንዷ" አለች ዜንያ፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ እየፈካ።

ማርሊን ተነስታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። ሳህኖቹ ግን ቀድመው ታጥበው ነበር።

ጾሙ ገባ፣ በረዶው ጠና። ዜንያ መብራቶቹን ልትሞክር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዋን ይዛ ሄደች። በሩን ስትከፍት የቀለም ሽታ መታት። የሌላ ክፍል ይሆናል ብላ ገባች። ወጥ ቤቱ መሀል ማርሊን ራሷን በሻሽ አስራ፣ ቅንድቧ ላይ ነጭ ቀለም ተረጭቶባት፣ ሮለሩን ይዛ ቆማለች። ዜንያ ቀና አለች። ኮርኒሱ እንደ እንቁላል ነጭ ነው።

"እንዴት ነው?" አለች ማርሊን። ደስ ብሏታል። "ሁለት እጅ ነው የቀባሁት። ትከሻዬ ሊወልቅ ነው። ዝም ብዬ ልቀባው ነበር፤ ግን ያ ቆሻሻ ከሥር ጉብ ጉብ እያለ አስቸገረኝ። መጀመሪያ በመፋቂያ ፋቅኩት።"

"ፋቅሽው?"

"ሙልጭ አድርጌ! አሁን ቶሮንቶም ይየው።"

ዜንያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"የተፋቀውስ? የት ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ለዶሮዎቹ ሰጠኋቸው።"

ሜትሮ ከጎን ክፍል ብቅ አለ። "እንቁላሉ ማር ማር ካለ እናውቃለን" አለ። ማንም አልሳቀም። ተመልሶ ገባ።

"ምን አደረግሽ፣ ማርሊን? ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ? ቤት አጸዳሁ! ለገና ቤት ይቀባል አይደል እንዴ? ያውም ካሜራ ሲመጣ! እናቴ ለቄስ ጉብኝት እንኳ ምድጃውን ሳይቀር ነው የምትቀባው። አንቺ ብቻሽን ነሽ እንዴ አሳዳጊ ያለሽ?"

"ፊልሙ እኮ ስለ ነጥቦቹ ነበር! የእናቴን እጅ ነው የፋቅሽው። ለዶሮ ነው የሰጠሽው!"

የማርሊን ፊት ተለወጠ። ሮለሩን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"የእናትሽ እጅ" አለች። "ያንን እጅ ሲያልባቸው ማን ነበር የሚይዘው? አንቺ ሆስፒታል የሰው አንሶላ ታጥቢ ነበር። የእሳቸውን አንሶላ እኔ ነበርኩ የማጥበው። እዚችው ወጥ ቤት ውስጥ።"

እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ዜንያን ይበልጥ አናደዳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ሰኞ ፋውንዴሽኑ ዘንድ ደወለች። ጉዳዩን የያዘችው ቦህዳና የምትባል ሴት ነበረች፤ ፈጣንና ሰው አክባሪ።

"ኮርኒሱ የለም" አለች ዜንያ።

"ወይኔ! ተቃጠለ?"

"ተቀባ።"

"ማን ቀባው?"

"የወንድሜ ሚስት። ለእናንተ ብላ።"

ቦህዳና የሳቀች መሰላት፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየችውም። "ይቅርታ ወይዘሮ ዜኖቪያ። እንዲህ እናድርግ። እንዲህ ዓይነት ኮርኒስ ያለው ሌላ ቤት ካለ ይፈልጉ። ከሌለም ፊልሙ አሁን ስለምን እንደሆነ ይንገሩን፣ ቦርዱ ያየዋል። ስለምንም ካልሆነ ግን..."

"ገባኝ" አለች ዜንያ። "ስለምንም ካልሆነ ፊልም የለም።"

ሌላ ቤት ለመፈለግ ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ አንድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ረቡዕ ረቡዕ ሴቶቹ እዚያ ተሰብስበው ለሽያጭ ፒሮሂ ይሠራሉ። ሊጡ ይዳመጣል፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፣ መሀሉ ላይ የተፈጨ ድንች ይደረግና ታጥፎ ጠርዙ በጣት ይቆነጠጣል። በደንብ ካልተቆነጠጠ ውሃ ውስጥ ይፈነዳል፤ የፈነዳባት ሴት ሳምንቱን ሙሉ ስሟ ይነሳል። ከሴቶቹ መሀል አንድ ወንድ አለ፤ ኔስቶር የሚባሉ ሽማግሌ። ሁሉም ሰው ቩይኮ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ይላቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ድንች ሊልጡ ይመጣሉ፤ ከሚልጡት የሚያወሩት ይበልጣል።

ማርሊን እዚያ ነበረች። ዜንያ ስትገባ አየቻት፤ ዓይኗን ወደ ሊጡ መለሰች። ዜንያ መመለስ አሰኛት። ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም። ዱቄት ባልነካው ጠረጴዛ ጫፍ ቆማ ጉሮሯን ጠረገች።

"እ... ቤቱ ውስጥ የኩትያ ነጥብ ያለበት ኮርኒስ ያለው ሰው አለ? ያልተጠረገ?"

ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ስለነበር ሁሉም በቆረጣ ማርሊንን አየ።

"የእኛ ነበረ" አለች ስቴላ የምትባል፣ ሴቶቹን የምታዝዝ ግዙፍ ሴት። "ባሌ በሰባዎቹ በፕላስቲክ ሰሌዳ ሸፈነው። ልጆቹ የትምህርት ቤት ጓደኛ ማምጣት እያፈሩ።"

"እኛ በኖራ አጠፋነው" አለች ሌላዋ። "ጤና ተቆጣጣሪው ሊመጣ ነው ሲባል።"

"እናቴ በቢላዋ ነው የፋቀችው። እንግሊዞቹ ጎረቤቶች ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ።"

"ቩይኮ፣ የእርስዎስ?" አለች ስቴላ።

ቩይኮ ኔስቶር ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ይህን ሲጠብቁ ነበር። "የእኔማ ጉድ ነው። ልጄ የስኮትላንድ ሰው ላግባ አለች። የልጁ ወላጆች እራት ሊመጡ ሆነ። ሚስቴ ነፍሷን ይማር ኮርኒሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እኔን መለጠፍ ስላልቻለች ኮርኒሱን በግድግዳ ወረቀት ለጠፈችው። አበባ ያለበት ወረቀት! ሾርባው ቀረበ፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ ወረቀቱ ከላይ 'ጢጢጢጥ' አለ። ከዚያ ከነኩትያው የልጁ እናት ራስ ላይ ዘጭ! ሴትዮዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'አበባው ያምራል' አለች።"

ምድር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስቴላ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ዜንያም ሳትወድ ሳቀች። ያልሳቀችው ማርሊን ብቻ ነበረች። ሳቁ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ራሷን ሳታነሳ፣ እየቆነጠጠች መናገር ጀመረች።

"እኛ ቤት አስተማሪዋ መጣች" አለች። "አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታምሜ ቀርቼ ልትጠይቀኝ። እናቴ ወንበሩን ሦስት ጊዜ ጠረገችላት። አስተማሪዋ ግን ወንበሩን አላየችም፤ ወደ ላይ አየች። አፍንጫዋን በመሀረብ ያዘች። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ ስም አውጥተውልኝ ነበር።"

ስሙን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተናገረችው። እዚህ ይቅር።

"እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚያ ስም ነው የተጠራሁት። ሜትሮን አግብቼ ወደ ቤታቸው ስገባ፣ ጨረስኩ፣ ወጣሁ አልኩ። ቀና ስል ያው ኮርኒስ። ሠላሳ ምናምን ገና አቀርቅሬ ነው የበላሁት። አማቴ እያንዳንዷን ነጥብ በስም ይጠሩልኝ ነበር፤ እሺ እሺ እላለሁ። ዜንያ መጥታ ቶሮንቶ ያየዋል ስትለኝ፣ አስተማሪዋ ከመቃብር ተነስታ በሬ ላይ የቆመች መሰለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርኩበትን ነገር እሷ ተሸለመችበት።" ፒሮሂዋን ገልብጣ አየች፣ ትሪው ላይ አስቀመጠች። "በቃ። ቀባሁት።"

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጽናናትም። ስቴላ ብቻ የሊጡን ክቦች ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ቩይኮ ኔስቶር ድንቻቸውን አነሱ።

ዜንያ ካሜራ አልያዘችም ነበር። የማርሊንን ዱቄት የነካው እጅ እያየች፣ ፊልሙ እዚህ መሆኑን አወቀች፤ አሁን እያለፈ መሆኑንም አወቀች።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀቻት።

"ማርሊን፣ ስለ አንሶላው ያልሽው ልክ ነሽ። ያኔ ማመስገን ነበረብኝ።"

"ተይው አሁን። ብርድ ነው።"

"ያወራሽውን ለካሜራ ትደግሚልኛለሽ?"

ማርሊን የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች ቆመች። "አንዴ ወጣ፤ ይበቃል። የቤቴን ገመና ለቶሮንቶ? ይሳቁብኝ?"

"የሚስቅ ይኖራል። ዛሬ ግን ስንት ሰው ሳቀብሽ?"

ማርሊን መስታወቱ ላይ የጋገረውን በረዶ መፋቅ ጀመረች። ዜንያም በሌላው በኩል ገብታ በመዳፏ ጠረገችላት።

"ካልሆነስ? ፊልሙ ይቀራል?" አለች ማርሊን።

"ይቀራል። እኔም እቀራለሁ። ሠርግና ቀብር እቀርጻለሁ፤ ምንም አይደል።"

"ምንም አይደል ትላለች! ፊትሽን ባየሽው።" ማርሊን መፋቋን አቆመች። "እዚህ ምድር ቤት አይሆንም፤ ከነዱቄቴ አልቀረጽም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው፣ ጥሩ ሸሚዜን ለብሼ። ሜትሮ አፉን ይዘጋል። ኮርኒሱ ነጭ መሆኑ ይታይ፤ ጥሩ አድርጌ ነው የቀባሁት። ሌላ ደግሞ፣ ቀድሜ አየዋለሁ። ይህ ይውጣ ካልኩ ይወጣል።"

የመጨረሻው ለዜንያ ከበዳት። ፊልሟን በሰው እጅ ማስቀመጥ ነው። ግን "እሺ" አለች።

ለቦህዳና ደውላ ነገረቻት፤ ቦርዱም አይቶ ቀጥይ አላት። ማርሊን ተቀረጸች። መጀመሪያ ላይ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ደርቃ ቀረች። ሜትሮ በመሀል ሻይ ፍለጋ ገባና በዓይኗ መልሳ አስወጣችው፤ ያኔ እልሁ ይዟት እንደ ልቧ ተናገረች። ዜንያ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። የተቀረጸውን ሲያዩት ማርሊን አንድ ነገር ብቻ ይውጣ አለች፤ ልጆቹ ያወጡላትን ስም። ዜንያ ከሁሉ ይበልጥ የምትወደው ቦታ እሱ ነበር። አውጥታ ጣለችው።

የገና ዋዜማ ደረሰ። ኮከቧ ወጣች፣ ኩትያው ቀረበ። ዜንያ ከምድጃው አጠገብ ካሜራዋን ይዛ ቆማለች። ሜትሮ ከጸሎቱ በኋላ ማንኪያውን ሞልቶ አነሳና ሚስቱን አየ።

"ሞክርና እንተያያለን" አለች ማርሊን።

ሜትሮ ማንኪያውን አየው። አፉ ውስጥ ከተተው። "ዘንድሮ ንቦቹ በእኔ ሆድ ይታመኑ" አለ እያላመጠ።

ማንኪያው ሲነሳ ግን ማዕዱ ዙሪያ ያለው ሁሉ፣ ሳያስበው፣ በልማድ፣ ቀና ብሎ ነበር። ሜትሮም። ማርሊንም። ምንም በሌለበት ነጭ ኮርኒስ ላይ ዓይናቸው ለአፍታ ቆየ። ዜንያ ይህን በካሜራዋ ያዘችው። ከዚያ ካሜራውን ዘግታ፣ ማርሊን ወንበር ስባላት፣ ልትበላ ተቀመጠች።